ከቀሚሱ በፊት የተገዛ ወርቅ



በአገራችን ሠርግ ለልብስና ለጌጥ የሚወጣው ገንዘብና የሚፈሰው ድካም ቀላል አይደለም። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ግን ሙሽራዋ ተኳኩላ ስትወጣ አንድ ነገር ያልገጠመ መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ቀሚሱ ለብቻው ሲታይ ያምራል፤ ወርቁም ለብቻው ሲታይ ያምራል፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ዐይን የት ላይ እንደሚያርፍ ይቸግረዋል። ምክንያቱ ሲጠየቅ አንዱ ቀለሙን ይወቅሳል፣ ሌላው ወርቁ በዛ ይላል፣ ሌላው ደግሞ የሙሽራዋን ምርጫ ያማል። እኔ ዛሬ የማቀርበው ክርክር ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ ያለውን ነገር ይመለከታል። በእኛ ሠርግ ጌጥና ልብስ የሚጣሉበት ዋናው ምክንያት የግዥው ቅደም ተከተል ነው። በብዙ ቤት ወርቁ ቀድሞ ይገዛል፣ ቀሚሱ ኋላ ይሠራል። ይህ ተገልብጦ ልብሱ ሊቀድም፣ ጌጡም ልብሱን አይቶ ሊመረጥ ይገባል እላለሁ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ እንመልከት። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺታ ተገኝቶ፣ ቀን ከተቆረጠ በኋላ የሙሽራው ወገን ጥሎሽ ማዘጋጀት ይጀምራል። ሐብሉን፣ ጉትቻውን፣ አምባሩንና ቀለበቱን ከወርቅ ቤት የሚመርጡት ብዙውን ጊዜ እናቱ፣ እህቶቹ ወይም ራሱ ሙሽራው ናቸው። ሲመርጡ የሚያስቡት ስለ ግራሙና ስለ ካራቱ፣ እንዲሁም ከሩቅ ስለ መታየቱ ነው፤ ጥሎሹ በሙሽራዋ ቤተሰብ ፊት አንድ በአንድ እየተነሣ ይታያልና። ከዚያ ሙሽራዋ በበኩሏ ሽሮ ሜዳ ገበያ ሄዳ ወይም ከምታውቀው ጥበብ ቤት ጋር ተነጋግራ ጥለቱን ትመርጣለች፣ የአንገቱን ቅርጽ ትወስናለች፣ ልኳን ትሰጣለች። ሁለቱ ግዥዎች ሳይተያዩ በየፊናቸው ይሄዳሉ። የሚገናኙት የሠርጉ ዕለት ማለዳ፣ ጸጉር ሠሪዋ ሥራዋን ጨርሳ ሐብሉ በሙሽራዋ አንገት ላይ ሲታሰር ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ሐብሉ አይለወጥ፣ ጥልፉ አይፈታ።

ከሁለቱ አንዱ መቅደም ካለበት ለምን ልብሱ ይሁን? መልሱ ያለው ከቀሚሱ አሠራር ላይ ነው። የሐበሻ ቀሚስ ጌጥ እስኪመጣለት የሚጠብቅ ባዶ ጨርቅ አይደለም፤ ጌጡን ይዞ ነው ከሸማኔው እጅ የሚወጣው። ሸማኔው ጥለቱን ሲሠራ ባለ ቀለሙን ማግ በድሩ መካከል በጣቱ እየለቀመ ያስገባል፤ እያንዳንዷ ረድፍ እየተቆጠረች ትሄዳለች። ከዚያ ቀሚሱ ወደ ጠላፊ ይሄድና ከአንገቱ ዙሪያ ጀምሮ በደረቱ መሐል ቁልቁል ይጠለፋል፤ ብዙውን ጊዜም ጫፉ ላይ መስቀል ይወጣለታል። እስቲ ይህን ቅርጽ ልብ በሉት። አንገትን የሚከብ ክብ መስመር፣ ከክቡ ወደ ታች የሚወርድ ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍ የተንጠለጠለ መስቀል ነው። ከወርቅ ቤት የሚመጣው ሐብልም ልክ ይህንኑ ቅርጽ ይዞ ይመጣል። በጥልፉ ላይ ሲያርፍ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የተነገረ ያህል ይሆናል፤ ወርቁ የክሩን ሥራ ይሸፍናል፣ የክሩ ቀለም ደግሞ የወርቁን ቅርጽ ያደበዝዛል። ስንት ቀን የተለፋበት የጠላፊ ሥራና ስንት ብር የወጣበት የአንጥረኛ ሥራ እርስ በርሳቸው ተዳክመው ይቀራሉ። ይህ ኪሳራ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ሁለቱም ባለሙያዎች ምንም አላጠፉምና።

ይህ የደረት ጥልፍ የዛሬ ፋሽን እንዳልሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ለንደን ውስጥ ይገኛል። የእንግሊዝ ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ከወሰዳቸው ዕቃዎች መካከል የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት፣ የልዑል ዓለማየሁ እናት የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባል የጥጥ ቀሚስ አለ። በባለ ቀለም ሐር የተጠለፈ ሲሆን ዛሬ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጧል። ሙዚየሙ የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በ2018 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ካሳያቸው ዕቃዎችም አንዱ ነበር። መሬቱ ነጭ ጥጥ፣ ጌጡ ሐር የሆነ የእቴጌ ልብስ ነው። ወርቅ እንደ ልብ በሚገኝበት ቤት እንኳ ልብሱ ጌጡን በራሱ ላይ ይሸከም እንደነበር ከዚህ ቀሚስ መረዳት ይቻላል። 

የቀድሞዎቹ እናቶች ታዲያ ጌጣቸውን የት አደረጉት? በሰውነታቸው ላይ አከፋፈሉት። በጸጉር ላይ ወለባ፣ በጆሮ ሎቲ ወይም ጉትቻ፣ በእጅ አምባር፣ በእግር አልቦ ነበር። በአንገት የሚውለው ድሪና ማርዳ የሚያምረው ጥልፍ በሌለው ቀሚስ ላይ ነው። ወርቅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ጌጥ በነበረበት ዘመን ባላገሩ የሚያጌጠው በብር ነበር፤ የብሩም ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ጠገራ ብር ነው። ይህ በንግሥት ማርያ ቴሬዛ ስም የምንጠራው ገንዘብ ከ1780 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየትኛውም ዘመን ይመታ ያንኑ ዓመት እንደያዘ የሚወጣ፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር የሆነ ነው። አንጥረኛው አቅልጦ መስቀል፣ አልቦና የጆሮ ኩክ ማውጫ ይሠራበታል፤ አንዳንዴም ሳያቀልጠው ራሱን ገንዘቡን ቆርጦ መስቀል ያወጣለታል። እንዲህ ካሉ መስቀሎች አንዱን ገልብጦ ያየ ሰው የንግሥቲቱን ፊት ወይም የንስሩን ክንፍ ከነቁራጩ ያገኘዋል። በወሎና በሐረር በኩል ደግሞ ብሩ ከአምበርና ከዶቃ ጋር እየተሰካ ይንጠለጠል ነበር። ዐይነቱ ይለያይ እንጂ አሠራሩ አንድ ነው፤ ልብሱ ባዶ በተወው ቦታ ላይ ጌጥ ይገባል።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ። ቀለም ይስማማ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ወርቅ ከቢጫ፣ ብር ከነጭ የሚለውን ነው። ችግሩ ነጭ አንድ ብቻ አለመሆኑ ላይ ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ወደ ክሬም የሚያደላ፣ ብርሃን የሚውጥ፣ የማያብረቀርቅ ነጭ አለው። ቬሎ የሚሰፋበት ሳቲን ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ነጭነቱን የሚያደምቅ ኬሚካል ስለሚነካው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀዝቃዛ ነጭ ይሆናል፤ ያብረቀርቃልም። ያው አንዱ ደማቅ ቢጫ ወርቅ በፈትሉ ላይ ሲያርፍ ይሞቃል፣ ይረጋል፤ በሳቲኑ ላይ ሲሆን ግን ቢጫነቱ ይበረታል። በቬሎ ላይ ነጭ ወርቅ፣ ብር ወይም ዕንቁ የሚያምረው ለዚህ ነው። ጥለቱ ላይ ያለውም ክር እንዲሁ መታየት አለበት። ዛሬ ብዙ ጥለት የሚያብለጨልጭ ክር ይገባበታል፤ ክሩ ወርቃማ ከሆነ ወርቅ ይጠራል፣ ብርማ ከሆነ ደግሞ ብር ይጠራል። ብርማ ጥለት ለብሶ ወፍራም ቢጫ ወርቅ ማድረግ በየሠርጉ የሚታይ ስሕተት ነው፤ ጥሎሹን የገዛው ሰው ጥለቱን ቢያየው ኖሮ የማይሆን ነበር።

የካራቱም ነገር አለ። ባለ 18 ካራት ወርቅ ከመቶ 75 እጁ ንጹሕ ወርቅ ነው፤ ቀሪው መዳብና ብር የመሳሰለ ማዕድን ነው። ባለ 21 ካራት ደግሞ ከመቶ 87.5 እጁ ወርቅ ስለሆነ ቢጫነቱ የጠለቀ ነው። ከአገር ቤት ወርቅ ቤት የተገዛ ባለ 18 ጉትቻ፣ ከዱባይ ወይም ከጅዳ ዘመድ ካመጣው ባለ 21 ሐብል ጋር በአንዲት ሙሽራ ላይ ሲገናኝ ልዩነቱ በደንብ ይታያል፤ ጆሮና አንገት የአንድ ጋት ያህል ርቀት ላይ ናቸውና። በአረብ አገር ሠርተው ወርቅ ለሚልኩ እህቶቻችን ትልቅ ክብር አለኝ፤ የሚልኩት የላባቸው ዋጋ ነው። ስለዚህም ከመላካቸው በፊት ሌላው ጌጥ ባለ ስንት እንደሆነ ቢነገራቸው ልፋታቸው በቦታው ይውላል። የርቀቱ ችግር ቀሚሱንም ይነካል፤ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ሙሽሮች ቀሚሱን ከአዲስ አበባ በፎቶግራፍ አይተው ያዝዛሉ። የስልክ ካሜራ ክሬሙን ነጭ፣ ብርማውን ወርቃማ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ እንዲህ ላለው ግዥ ከፎቶው ይልቅ በፖስታ የሚላክ የጥለት ቁራጭ ይታመናል።

ሠርጉ በአንድ ልብስ የሚያልቅ አለመሆኑም ክርክሬን ያጠናክርልኛል። በተክሊል የሚጋቡ ሙሽሮች ካባ ለብሰው በካህናቱ እጅ አክሊል ይደፋላቸዋል። ስለዚህ ግንባር ላይ የሚወርድ የጸጉር ወርቅ ወይም ከፍ ብሎ የተሰካ ጌጥ ከአክሊሉ ጋር ይጋጫል፤ በሥርዓቱ መካከል ሲነቀል ማየት ደግሞ ለሙሽራዋም ለካህኑም አይመችም። ከዚያ ቬሎ ይለበሳል። የቬሎ አንገት ብዙ ጊዜ ገላጣ ስለሆነ ሐብል የሚፈልገው እዚያ ላይ ነው፤ ያ ሰፊ ባዶ ቦታ ለሐብል የተተወ ይመስላል። በመልሱ ዕለት ደግሞ ካባ እንደገና ይመጣል። ካባው የከፈይ ጨርቅ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ወይም ቀይ ዳማ፣ በሙካሽ ጥልፍ የተንቆጠቆጠ። ሙካሹ አንገቱን ዞሮ በፊት ለፊት ቁልቁል ስለሚወርድ ሐብል ከሥሩ ቢገባ አይታይም፣ ከላዩ ቢውል ከሙካሹ ጋር ይምታታል። ለካባ የሚሆነው ጉትቻ፣ የእጅ አምባርና ሹሩባ ላይ የሚውል ወርቅ ነው። ወንዱ ሙሽራም በዚሁ ሕግ ይገዛል፤ ካባው በሙካሽ ደምቆ ሳለ ደረቱ ላይ ወፍራም ሰንሰለት ማከል አያስፈልገውም።

አንድ ትንሽ የሚመስል፣ ግን ብዙ ልብስ ያበላሸ ነገርም ልጥቀስ። ከቀጭን ሽቦ እየተጠማዘዘ የሚሠራ ጌጥ፣ በተለይ የመስቀልና የጉትቻ ዐይነት፣ ጠርዙ ላይ ያለቀላቸው የማይመስሉ የሽቦ ጫፎች ይኖሩታል። ነጠላው ደግሞ ሳሳ ያለ ሽመና ነው። ሙሽራዋ ለመሳለም ጎንበስ ስትል የጉትቻው ጫፍ የነጠላውን ክር ይዞ ይቀራል፤ ቀና ስትል ክሩ ይሳባል፣ ጥለቱ አጠገብም የተኮማተረ መስመር ይወጣል። ከመግዛት በፊት ጌጡን በመሐል ጣትና በአውራ ጣት መካከል ይዞ ጠርዙን በቀስታ መዳሰስ፣ ወይም አሮጌ ነጠላ ላይ ሳብ አድርጎ መሞከር ይበቃል። የሚይዝ ከሆነ አንጥረኛው በሞረድ ያለሰልሰዋል፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ይመጣል። ወርቅ ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ሀብት ነው፤ ለሙሽራዋ የክፉ ቀን መጠባበቂያዋ ስለሆነ ከቀሚስ ጋር ይሂድ አይሂድ የሚለው ሁለተኛ ጉዳይ ነው ይባላል። የመጀመሪያውን ክፍል ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ብዙ ሴት የችግር ጊዜ ያለፈችው በዚያ ወርቅ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የሚደረሰው መደምደሚያ ላይ ግን አልስማማም። ወርቅ ሲሸጥ የሚታሰበው ግራሙና ካራቱ ነው። አንጥረኛው ለአበባው፣ ለሰንሰለቱ ጥልፍልፍና ለፈርጡ ያስከፈለው የእጅ ዋጋ ሲሸጥ አይመለስም። እንግዲህ ዓላማው ቁጠባ ከሆነ የእጅ ሥራ ያልበዛበት ቀለል ያለ፣ ክብደት ያለው አምባር መግዛት ነው የሚያዋጣው። አምባር ደግሞ ከእጅ ላይ ስለሚውል ከደረት ጥልፍ ጋር አይጣላም። ዓላማው ውበት ከሆነ ግራሙ ቀላል፣ ሥራው ያማረና ለቀሚሱ የታሰበ ጉትቻ ይበቃል። ሁለቱን ዓላማ በአንድ ግዙፍ ሐብል ላይ የጫነ ሰው በሁለቱም ይከስራል፤ በሽያጭ ቀን የእጅ ዋጋውን ያጣል፣ በሠርጉ ቀን ደግሞ ጥልፉን ይሸፍናል። ሀብትነቱ ራሱ ልብሱ ይቅደም የሚለውን ሐሳብ ይደግፋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የክብር ነው። የሙሽራው ቤተሰብ የገዛውን ወርቅ ሙሽራዋ ካላደረገችው ይቀየማሉ፤ አስቀድማ እንዲህ ያለ ይሁንልኝ ካለችም ስግብግብ ትባላለች። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ በይሉኝታ ላይ በተመሠረተ ግንኙነት ውስጥ የሙሽራ አፍ ተይዞ ይቀራል። ነገር ግን ጥሎሹ የሚታይበት ዕለት ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው፤ ወርቁ ሁሉ የሚታየውና የሚመሰገነው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ በየልብሱ ተከፋፍሎ ቢውል፣ ሐብሉ ለቬሎ፣ ጉትቻው ለካባ፣ አምባሩ ለቀሚስ ቢሆን ማንም አልተናቀም። ጥያቄውንም ሙሽራዋ በራሷ አንደበት ማንሣት የለባትም። አክስት ወይም ሚዜ ለሙሽራው እህት የጥለቱን ቁራጭ ብትሰጣትና «ቀሚሷ ይህን ይመስላል» ብትላት የተጠየቀ ግራም የለም፣ የተነካ ክብርም የለም። እንዲያውም ምን እንግዛ ብለው ሲጨነቁ ለከረሙት የሙሽራው እናት ትልቅ እፎይታ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይህ ሁሉ ማዛመድ ከውጭ የመጣ ቅብጠት ነው፣ እናቶቻችን ያገኙትን አድርገው ተሞሽረዋል የሚል ነው። ያገኙትን አድርገዋል የሚለውን አቃልዬ አላይም፤ ብዙዎቹ የተውሶ ጌጥ አድርገው ተድረዋል። የተረፉልን ልብሶችና ጌጦች የሚናገሩት ግን ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል የተለየ ጌጥ ያበጀ ሕዝብ፣ ጥልፍን ከአንገት እስከ ዘርፍ በሥርዓት ያወረደ ሕዝብ፣ ጌጥ የት እንደሚያርፍ አያውቅም ሊባል አይችልም። ከውጭ የመጣስ ካለ፣ ሐብል፣ ጉትቻ፣ አምባርና ቀለበት በአንድ ሣጥን ተደርድረው ሁሉም አንድ ላይ መደረግ አለባቸው የሚለው ልማድ ነው የሚመስለኝ። የሣጥኑ ጌጥ የተሠራው የትኛውንም ልብስ ሳያስብ ነው፤ በእኛ ጥለት ላይ ባይገጥም ሊደንቀን አይገባም።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ላላችሁ ወላጆች፣ ሙሽሮችና ባለሙያዎች የማቀርበው ልመና አለ። ሸማኔዎችና ጥበብ ቤቶች፣ የሠርግ ቀሚስ ስታስረክቡ ከጥለቱ የተረፈውን ቁራጭ አትጣሉት፤ ከልብሱ ጋር ስጡ፣ ቢቻልም ሥራው ሳያልቅ አስቀድማችሁ ስጡ። ወርቅ ቤቶች፣ መብራታችሁ ወርቁን ከሆነው በላይ ቢጫ አድርጎ ያሳያል፤ ደንበኛ ቁራጩን ይዞ ሲመጣ ጌጡን ከበሩ ወደ ቀኑ ብርሃን አውጥታችሁ በጨርቁ ላይ አሳርፉለት። የሙሽራው ወገኖች፣ ቀን ከመቁረጣችሁ ጋር የቀሚሱን ነገር አንሡ፤ ጥሎሹ የሚገዛው ጥለቱ ከታየ በኋላ ይሁን። ዘንድሮ ልጅ የምትድሩ ካላችሁና ወርቁ ገና ካልተገዛ፣ ነገ ጠዋት ወደ ወርቅ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ወደ ሙሽራዋ ቤት ደውሉና ቀሚሱ ምን እንደሚመስል ጠይቁ።